አባባ የሚያስሉበት ቦታ

«በዚህ አገር የማን ልጅ እንደሆነ የማላውቀው ሰው የለም!» ትል ነበር ትንግርት፤ ያውም ቀስ ብላ አይደለም፣ በእናቷ የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሱቅ ደጃፍ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ እንዲሰማላት ጮክ ብላ ነው። ገዢው ገና ባናውን እየዳበሰ ሳለ እሷ አፍንጫውን አይታ ትጨርሰዋለች። «ቆይ ቆይ፣ አንተ የነጥላሁን ወገን አይደለህም? አትካድ፣ አፍንጫህ መስክሮብሃል!» ሰውየው ሳይወድ ይስቃል። እናቷ ዘነቡ ግን አትስቅም። «አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ ነው እንጂ ተከሳሽ አይደለም» ትልና ወደ ዋጋው ትመለሳለች።

ትምህርትንና ትንግርትን ያለያያቸው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ነው። ሰዉ ወደቀች ይላል፤ እሷን ከጠየቃችሁ ግን የወደቀው ሚኒስትሪው ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ ሁለት ሆነ፦ ቀን ቀን ባና ማጠፍ፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ዘር መቁጠር። የእኩዮቿ ስልክ ጭፈራ ሞልቶበት የእሷ ሽማግሌ ሞልቶበታል፤ ያገኘችውን አዛውንት ሁሉ እየለመነች፣ ከማን እስከ ማን እንደሚወለድ ታስቆጥረውና ድምፁን ትቀርጻለች። ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንኳ ለማልቀስ አይደለም፤ ሟቹ የማን የአጎት ልጅ እንደነበር ለማጣራት ነው። የመኝታ ክፍሏ ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ስለሆነ በጋዜጣው ላይ በከሰል ትልቅ ዛፍ ሥላለች፤ ቅርንጫፉ ሁሉ ሰው ነው፣ ከታች በኩል ደግሞ እንደ ፍሬ ተንጠልጥላ ራሷ አለች፣ ስሟም ከሁሉ ስም ልቆ ተጽፏል። አንዴ የጀመረው ሰው አይተወውም ይሄን ነገር። አንድ አያት ስታገኝ የሱ አባት ያምራታል፤ እሱን ስታገኝ ደግሞ የሱን አባት።

ቤታቸው መንዝ ውስጥ፣ ከተማው አልቆ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት፣ መጨረሻ ላይ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ ይመጣና አጥሩን፣ ከዚያ የሚዳቋ ቀለም ያለውን በር፣ ከዚያ መስኮቱን ይበላዋል፤ ውስጥ ያለ ሰው የኩበት ጭስና የሱፍ ሽታ እየማገ ዓለም ሁሉ ያቺው ክፍል ብቻ እስክትመስለው ይቀመጣል። በዚህ ሰዓት ነው አባባ ወንድይፍራው የሚቆጥሩት። አባባ የትንግርት አባት አጎት ናቸው፤ የጓዳው ጎን ያለችው ክፍል የሳቸው ናት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ እንደ ቅዳሴ ያንቆረቁሩታል፤ «አብተው ወሰኔን ይወልዳል፣ ወሰኔ ጉልላትን ይወልዳል፣ ጉልላት… እህ፣ እህ… ዘለቀን ይወልዳል፣ ዘለቀ ደምሰውን ይወልዳል፣ ደምሰው ጌታነህን ይወልዳል።» ጌታነህ ማለት አባቷ ነው። ከሱ ቀጥሎ አባባ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ጌታነህም ይቺን አፈ ጮሌ ይወልዳል» ይላሉ። ትንግርት እዚህ ጋ ስትደርስ ሁሌም ደስ ይላታል።

ያንን ሳል ከልቧ ያዳመጠችው እህቷ ስመኝ ልትዳር በተባለ ጊዜ ነው።

ስመኝ ይታገሱ የሚባል የአናጢ ልጅ ወዳለች፤ እሱም ወዷታል፤ ቀለበቱንም ራሱ መርጦ ገዝቷል። የቀረው ሰባት ቤት መቁጠር ብቻ ነበር። ሁለቱ ወገን ተቀምጦ አያት ቅድመ አያቱን ይጠራል፤ ከሰባት ቤት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ሙሽሮቹ ወንድምና እህት ናቸውና ሠርግ የለም። ከወንዱ ወገን የመጡት ቆጣሪ ባሻ እንግዳሸት ይባላሉ፤ ጆሯቸው እንደ ድመት ነው። አባባ ቆጥረው ሲጨርሱ ባሻ ጠላቸውን አስቀመጡና፣

«ወንድሜ፣ ጉልላትና ዘለቀ መሃል ሰው አለ» አሉ።

አባባ ምርኩዛቸውን አሻሹ።

«ዘለቀ የተወለደው ጉልላት ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። የሞተ ሰው አይወልድም። አንድ ሰው ዘለሃል።»

«እኛ እንደዚህ ነው የምንቆጥረው» አሉ አባባ።

«እናንተ እንደፈለጋችሁ ቁጠሩ፤ እኔ በጎደሎ ቆጠራ ልጃችንን አልድርም። ያ የዘለልከው ሰው የኛም አያት ቢሆንስ? ለሚካኤል እንመለሳለን። ሙሉውን ይዛችሁ ጠብቁን።»

ያን ዕለት ስመኝ ፊቷን ባና ውስጥ ቀብራ ስታለቅስ ትንግርት ደግሞ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ተቀምጣ ነበር። የአባባን ቀረጻ ሁሉ ደጋግማ ሰማችው። የብርድ ሳል ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል፤ የአባባ ሳል ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ሁልጊዜ ጉልላትን አልፎ ዘለቀ ሳይደርስ፣ ልክ የተቀበረ ነገር ላይ አፈር እንደሚመልስ ሰው። «አያችሁ! ደብቀዋል!» አለች ለራሷ። እህቷን እያስለቀሱ የሚደብቁት ነገር ምን ቢሆን ነው? ምናልባት እውነትም ከይታገሱ ዘመዶች ጋር ይገናኙ ይሆን? ምናልባት አባቷም ያውቃል። ምናልባት እማዬም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንግርት ቤተሰቡን በጎን ዓይኗ ማየት ጀመረች።

በጎን ዓይን ሲያዩ ደግሞ ብዙ ነገር ይታያል። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ገደል አገሩ ሁሉ «ሽበሺ ገደል» ይለዋል፤ እንጨት የሚሸጡት ሴቶች ይሉታል፣ ቄሱ ይሉታል፣ ሱቅ የሚመጣው ገዢም ይለዋል። እነሱ ቤት ግን «ያ ቦታ» ነው። እማዬ «ያ ቦታ አትሂዱ» ትላለች፤ አባዬ «በጉ ወደዚያ ቦታ ሄደ» ይላል። ትንግርት ይህን ያህል ዘመን እዚያው ኖራ፣ ያንን ስም ካፏ አውጥታው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው የገባት። አገር የሚጠራውን ስም አንድ ቤተሰብ ብቻ ካልጠራው ስሙ የዚያው ቤተሰብ ነው። አራት ነጥብ።

በማግስቱ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ሲደርስ፣ አባባ አጠገብ ቆሎ ይዛ ተቀመጠች። እናቷ ሱቅ ናት፣ ስመኝ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች፣ አባቷ ውጭ አጥሩን ያጠባብቃል፤ የመጥረቢያው ድምፅ ጉሙ ውስጥ ታፍኖ ይመጣል። ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«አባባ» አለች፣ «ሽበሺ ማን ነው?»

የአባባ እጅ ቆሎው ላይ ቀረ።

«አቤት» አለ አንድ ሰው ከጓዳ።

ድምፁ አላስፈራም፤ አስፈሪው ያ ነበር። ሌላ ክፍል ሆኖ የተጠራ፣ መጣሁ ሊል የተዘጋጀ፣ የቤት ሰው ድምፅ ነው፣ ትንሽ እንደ መሰልቸት ያለበት። ትንግርት አባቷ መስሏት ዘወር ስትል አባቷ መጥረቢያውን ይዞ በፊት ለፊቱ በር ገባ። ወደ ጓዳው መጋረጃ አየች። አልተነቃነቀም፤ ከሥሩ ግን ሽታ መጣ፣ ዝናብ የጠጣ የበግ ጠጉር ሽታ፣ ብዙ ክረምት ሳይደርቅ ተጣጥፎ የተቀመጠ የመሰለ።

ጌታነህ እስኪወጣ አባባ ጠበቁ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በዝቅታ ተናገሩ።

«የጉልላት ልጅ፣ የዘለቀ አባት ነው። ጉም ውስጥ ነው የጠፋው። ሕዝቡ ገደሉ አፋፍ ቆሞ ተጣራ። ‹አቤት› ይላል። ይወርዳሉ፣ የለም። ይጠሩታል፣ ‹አቤት› ይላል፤ ይሄዳሉ፣ የለም። ሬሳ አልተገኘ፣ ፍታት አልተደረገ። በኋላ ሲጠሩት ድምፁ ከአጥሩ ሥር መጣ። ከዚያ ከበሩ። ያን ጊዜ አባቶቻችን መጥራት ተዉ።»

«ታዲያ ይግባላ፣ ዘመድ አይደል?» አለች ትንግርት፣ ልትቀልድ ብላ። ድምጿ ግን እንዳሰበችው አልወጣም።

«ልጄ፣ ቤት ሙሉ ነው። እንግዳ የጠራ ሰው ምን ያደርጋል? ተነሥቶ ቦታውን ይለቃል።»

ትንግርት ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ምሳሌ እንደሚጀምር ታውቃለች፤ እሷን ግን ምሳሌ አያታልላትም። ዋናውን ነገር አግኝታለች። ክፍሏ ገባች፣ ከሰሏን አነሣች፣ ጉልላትና ዘለቀ መሃል በሰፊው «ሽበሺ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኳን ከፍታ እንደ አባባ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድም ሳትዘል፣ ከአብተው ጀምራ እስከ ራሷ ቆጠረች። እንዴት ደስ ይል ነበር! እንደ ጥርስ ነው፣ የጎደለው ሲገባ አፍ ይሞላል።

መልሳ ስታዳምጠው የራሷን ድምፅ ሰማች፣ የመስኮቱን ነፋስ ሰማች፣ «ጉልላት ሽበሺን ይወልዳል» ስትል ደግሞ ያው ሰው «አቤት» አለ፤ አሁን ግን ከጓዳ አይደለም፣ ስልኩን የያዘው ሰው እሱ ራሱ የሆነ ይመስል ቅርብ ነው፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እያንዳንዱ ለብቻው ቢታይ ምንም አይደለም። ማታ ሻይ ሲቀዳ አንድ ብርጭቆ አነሰ። እናቷ «ይሄ ብርጭቆ ወዴት ሄደ?» ብላ ቆጥራ ለሁሉም ሰጠች፤ ትንግርት ብቻ ሳይደርሳት ቀረ። በማግስቱም አነሰ፣ አሁንም የቀረባት እሷ ናት። የምትተኛበት ባና ቀን ማንም ሳይነካው እርጥብ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ስታወጣው ከብዶ፣ ከጫፉ ውሃ እያንጠባጠበ። መደቡ ላይ፣ እሷ ሁልጊዜ ከአባቷ ቀጥሎ የምትቀመጥባት ቦታ፣ ሰው ገና አሁን እንደተነሣባት ሞቃ ትጠብቃታለች። አንድ ቀን እሷ ገና ደጅ ሳለች አባቷ በሩን ቀረቀረው። ስታንኳኳ ከፈተና፣ «ይቅርታ፣ ሁላችንም የገባን መስሎኝ» አለ። ይቅርታ! አባቷ ልጁን ይቅርታ ብሎ ያውቃል?

«ገባኝ» አለች ትንግርት። «አኩርፈውኛል።» ምሥጢራቸውን ስላወጣችባቸው ተማክረው፣ ተጠቃቅሰው ሊቀጧት ነው። በጎን ዓይኗ ስታያቸው ሲጠቃቀሱ ግን አላየችም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠራት። ስመኝ እንኳ «ትንጌ» ብላ መጥራት ከተወች ሰንብታለች፤ «ስሚ» ነው የምትላት፣ ቀጥላም «አንቺ»።

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው የምለፋው!» አለቻት ትንግርት አንድ ቀን።

ስመኝ ሽንኩርቷን እየላጠች ቀና አለች፤ በትሕትና ፈገግ አለች፣ ሰው ለጎረቤት እንደሚለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት።

ሱቅም ያው ሆነ። አንዲት የሩቅ አገር ሴት ባና ልትገዛ መጥታ፣ ትንግርት የአያቷን ስም ካፍንጫዋ አንብባ ስትነግራት፣ ሴትዮዋ በሳቅ ፈርሳ «ይቺ ጉደኛ ልጅሽ ናት?» ብላ ዘነቡን ጠየቀች። ዘነቡ ትንግርትን አየቻት። እያየቻት ትንሽ ቆየች፣ ዕቃ የት እንዳስቀመጠ እንደጠፋበት ሰው። ከዚያ «ታግዘኛለች» አለችና ባናውን ማጠፍ ቀጠለች።

ያን ቀን ትንግርት ክፍሏ ገብታ ግድግዳዋን ስታይ ጋዜጣው ረጥቧል። ርጥበቱ ከላይ ከጣሪያው አልመጣም፤ ከ«ሽበሺ» ጀምሮ በዛፉ ግንድ እየተንሸራተተ ወርዶ፣ ዘለቀን ሳይነካ፣ ደምሰውን ሳይነካ፣ አባቷን ሳይነካ፣ ታች የተንጠለጠለችው ላይ ደርሶ ተኝቷል። ከሰሉ ሟሙቶ ጥቁር ውሃ ሆኖ ወለሉ ላይ ፈሷል። ስልኳን አውጥታ ያንን ቀረጻ ከፈተችው። «…ደምሰው ጌታነህን ይወልዳል፣ ጌታነህ…» ይልና ከዚያ በኋላ ነፋስ ብቻ ነበር፣ አንድ ሰው እርጥብ ልብሱን እየጎተተ የሚራመድበት ነፋስ። «ስልኩ አርጅቷል» አለች ጮክ ብላ፤ ማንም ግን ምን አልሽ አላላትም።

ሚካኤል ደረሰ። ጉሙ ያን ቀን ከሰዓት በኋላን አልጠበቀም፤ ከንጋት ጀምሮ ቤቱን ውጦት ዋለ፣ እኩለ ቀን ላይ ፋኖስ አስለኮሰ። የወንዱ ወገን ጫማውን ደጅ እያራገፈ ገባ፣ ባሻ እንግዳሸት ከፊት ተቀመጡ፣ ይታገሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል። ስመኝ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ጣቶቿ ብቻ ይታያሉ፣ መጋረጃውን ጨምድደው ይዘውታል።

«እህስ» አሉ ባሻ፣ «ሙሉውን ይዛችኋል?»

ሁሉም ወደ አባባ አየ። አባባ ወንድይፍራው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል። ጌታነህ መሬት መሬት ያያል። ባሻ ምርኩዛቸውን ያዙ፣ ሊነሡ ነው። መጋረጃው ላይ ያሉት ጣቶች ተለቀቁ።

ትንግርት ጣቶቹ ሲለቀቁ አየች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ልትል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከከሰሉ ውሃ ወዲህ ያንን ስም ካፏ ላለማውጣት ለራሷ ምላ ነበር። ግን ሊያኮርፏትም፣ ሻይ ሊከለክሏትም ይችላሉ፣ ስመኝ እህቷ ናት። በዚያ ላይ፣ መቼም ከሷ ሌላ ማን ያውቃል?

«እኔ እቆጥራለሁ» ብላ መሃል ቆመች።

«አብተው ወሰኔን ይወልዳል። ወሰኔ ጉልላትን ይወልዳል።» አባባ እጃቸውን ወደሷ ዘረጉ፣ ደረታቸው ተነሣ፣ ሊያስሉ ታገሉ፤ ሳሉም አልመጣም። «ጉልላት ሽበሺን ይወልዳል።»

«አቤት።»

ማንም ዘወር አላለም። ብቻ መደቡ ላይ የነበሩት ሁሉ፣ አርፍዶ ለገባ ሰው ቦታ እንደሚያሰፋ ሕዝብ፣ ሳያስቡት ትንሽ ትንሽ ጠጋ ጠጋ አሉ። የፋኖሱ ብርሃን ዝቅ አለ። የረጠበ ሱፍ ሽታ ቤቱን ሞላው። ትንግርት ወደዚያ ላለማየት ዓይኗን ባሻ ላይ ተክላ ቀጠለች፤ ዘለቀን፣ ደምሰውን፣ ጌታነህን። የምትዳረው ስመኝ ናትና መጨረሻው ላይ «ጌታነህ ስመኝን ይወልዳል» አለች፤ ራሷን አላነሣችም።

ባሻ በጣታቸው እየቆጠሩ ከራሳቸው አያቶች ጋር አስተያዩት። ቆዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «የትም አይገናኙም! ንጹሕ ነው! ልጆቹ ይጋቡ!» እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ስመኝ መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ይታገሱ ኮፍያው ወደቀበት። ትንግርትም ሳቀች፤ አሁን ኩርፊያው አበቃ፣ አሁን ይመጡና ያቅፏታል ብላ መሃል ቆማ ጠበቀች።

የሚመጣ አልነበረም። እናቷ ሻይ ታዞራለች፤ ለባሻ ሰጠች፣ ለጌታነህ ሰጠች፣ ከጌታነህ ቀጥሎ፣ በትንግርት ቦታ፣ ባናውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ለተቀመጠውም ሰው ሳታየው ሰጠች። ከባናው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። የወጣው እጅ ነጭ ነበር፣ ተሸብሽቦ፣ ውሃ ውስጥ ብዙ እንደቆየ። ብርጭቆ አላነሰም፤ ለሁሉም ደረሰ። አባባ ብቻ ትንግርትን እያዩ እንባቸው በጢማቸው ይወርድ ነበር፤ እያዩዋት ዓይናቸው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ፣ እንባቸውንም ለምን እንደፈሰሰ እንዳልገባው ሰው በመዳፋቸው ጠረጉት።

ባሻ እንግዳሸት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ያለ ቆጣሪ በዕድሜዬ አላየሁም! ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

ትንግርት ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። እሷን! የማን ልጅ ነሽ! «እሱን አባቴን ይጠይቁት» አለችና በአገጯ ወደ ጌታነህ አመለከተች።

ጌታነህ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ግራ ገብቶት ወደ ባሻ፣ ከዚያ ወደሷ አየ። «የኔ ሴት ልጅ አንዲት ናት፣ እሷንም ዛሬ ሰጠኋችሁ» አለ፤ «ይቺን እንኳ እናንተ ይዛችኋት የመጣችሁ መስሎኝ።»